«ደወሉን አጥፍቼ እተኛለሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 44 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምሠራው በአንድ ባንክ የሒሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ በባዶ ሆድ ስመረመር የደም ስኳሬ 118 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ «ገና የስኳር በሽታ አልያዘዎትም፤ ነገር ግን አፋፉ ላይ ነዎት፤ ክብደት ይቀንሱ፣ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። አባቴን ያጣሁት በዚሁ በሽታ ነውና በጣም ደነገጥኩ። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሳሁ በሰሚት አካባቢ አንድ ሰዓት ሙሉ መራመድ ጀመርኩ። ስኳር ተውኩ፣ ለስላሳ ተውኩ፣ እራቴን በሰላጣ ለወጥኩ። አራት ኪሎ ቀነስኩ፤ ያየኝ ሁሉ «አምሮብሃል» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሥራ በዛ፣ ብርዱ ጠና፤ አንድ ቀን ደግሞ የሰፈሩ ውሾች ጨለማ ውስጥ ከበቡኝና ከመንገድ ተመለስኩ። «ለአንድ ሳምንት ላርፍ» አልኩ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ። ጥር ከሰርግ ሰርግ ስዞር አለቀ። አሁን የካቲት ነው፤ ደወሉ በየጠዋቱ ይጮኻል፣ አጥፍቼ እተኛለሁ። ባለቤቴ «አንተ ጀማሪ እንጂ ጨራሽ አይደለህም» አለችኝ፤ ቃሏ ልቤን ሰብሮታል። የሚገርመኝ ዐቢይ ጾምን በየዓመቱ አንድም ቀን ሳላጓድል እጾማለሁ። ሰነፍ ነኝ ማለት ነው? ያ ወኔዬስ የት ሄደ? እንዴት ልመልሰው?
ተ. ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፤ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ያንን ወኔ ለመመለስ አይድከሙ። ዛሬ ቢመለስ እንኳ ከሁለት ወር በኋላ ዳግመኛ ይለይዎታል፤ የወኔ ጠባዩ ነው። የጎደለዎት ወኔ በሌለበት ቀንም ከወንበርዎ የሚያስነሳዎት ሥርዓት ነው። ስንፍና የሚለውን ቃል ደግሞ ከወዲሁ ከመካከላችን እናውጣው። ሰባት ሳምንት ያህል በብርድና በጨለማ አንድ አንድ ሰዓት የተራመደ ሰው ሰነፍ ሊባል አይገባም።

ያስነሳዎት ድንጋጤ ነበር። በባዶ ሆድ የተለካ የደም ስኳር ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ሲሆን ጤናማ ነው፤ በተደጋጋሚ ምርመራ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር በሽታ ይባላል። የእርስዎ 118 በሁለቱ መካከል ነው። የዚህ ክልል ክፋቱ አለማመሙ ነው። ቁስል የለው፣ ትኩሳት የለው፤ ሰውዬው እንደ ድሮው ሠርቶ ይገባል፣ በልቶ ይተኛል። የሰው ልጅ ደግሞ የማያመውን ነገር ለረጅም ጊዜ መፍራት አይሆንለትም። በነሐሴ እንቅልፍ የነሳዎት ቁጥር ኅዳር ላይ መሳቢያ ውስጥ የገባ ወረቀት ሆነ። የአባትዎ ሐዘንም በዚህ ረገድ ብዙ አይረዳዎትም። ማንም ሰው በየንጋቱ የአባቱን ሞት እያሰበ የጫማውን ክር ሊያስር አይችልም፤ ልብ ራሱ ከዚያ ሐሳብ ይሸሻል፣ መሸሹም ተገቢ ነው።

ከድንጋጤው ቀጥሎ ሲያበረታዎት የቆየው ሚዛኑ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቶሎ ከሚወርደው ክብደት ከፊሉ ውኃ ነው፤ ሰውነት በጉበትና በጡንቻ አከማችቶ የቆየውን ስኳር ሲጠቀም አብሮት የነበረው ውኃም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የቀለለ ሰውነት ለመንቀሳቀስ የሚያወጣው ጉልበትም ያንሳል። ስለዚህ ሚዛኑ መቆሙ የሁሉም ሰው ዕጣ ነው። «አምሮብሃል» የሚሉትም ሰዎች አንድ ጊዜ ብለው ያበቃሉ፤ አዲሱን መልክዎን ይለምዱታል። ሚዛኑ ዝም ባለበት ሳምንት ግን ጡንቻዎ ሥራውን አላቆመም ነበር። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ የሚሰጠው ምላሽም ከአንድ የእግር ጉዞ በኋላ ለአንድ ለሁለት ቀን ተሻሽሎ ይቆያል። ይህ ጥቅም በሚዛን አይታይም፤ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ከረጅምና ከተራራቀ ጉዞ ይልቅ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚደረገው ይበልጣል።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ ልንገርዎ። ዕቅድዎ ከመጀመሪያውም የሚዘልቅ አልነበረም። የመኝታ ሰዓትዎን፣ ሻይዎን፣ እራትዎን፣ ጠዋትዎን በአንድ ሳምንት ውስጥ ለወጡ። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ዕቅዱን ያወጣው ክረምቱ አልፎለት፣ ሜዳው አደይ ለብሶ ያየው የመስከረሙ ሰው ነው፤ የሚፈጽመው ግን ብርድ የሚያንዘፈዝፈውና ሒሳብ የሚያጣድፈው የኅዳሩ ሰው ነው። የመስከረሙ ሰው ስለ ኅዳሩ ሰው አላሰበለትም። እንዲህ ያለው አጀማመር በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም። በአሜሪካ ሄንግቼን ዳይና ሁለት ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ወደ ስፖርት ቤት የሚጎርፉት ሳምንት፣ ወርና ዓመት ሲጀምር መሆኑን አሳይተዋል። በእኛም አገር የኅዳሩ ታላቁ ሩጫ ሲቃረብ ጎዳናው በሯጭ ይሞላል፤ ሩጫው ባለፈ በሳምንቱ ግን ብዙዎቹ አይታዩም። ሩጫውን እወደዋለሁ፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን ሰው ከቤቱ አስወጥቷል። ነገር ግን ማለቂያ ያለው ግብ ሲያልቅ ልማዱንም ይዞት ይሄዳል።

ከሁሉም በላይ የጎዳዎት ውሾቹም ብርዱም አይመስሉኝም፤ «ለአንድ ሳምንት ላርፍ» ያሏት ቃል ናት። ያንን ቀን ብቻ ቀርተው በማግስቱ በሌላ ሰዓት ቢወጡ ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ባልጻፉ ነበር። አንድ ቀን ስንስት «እንግዲህ አንዴ ተበላሽቷል» የሚል ሐሳብ ይመጣብናል፤ አደገኛው እሱ ነው። ፒተር ኸርማን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ፣ ምግባቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ጣፋጭ ወተት ከጠጡ በኋላ አይስክሬም ሲቀርብላቸው ወተቱን ካልጠጡት ይልቅ አብዝተው በሉ። ሆዳቸው ሞልቶ ሳለ የበሉት ቁጥጥሩ አንዴ ስለ ፈረሰባቸው ነው።

እውነታው ግን አንድ ቀን መቅረት ምንም ማለት አይደለም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ፈቃደኞችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው ነበር። አንድ ድርጊት ሳያስቡት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ በሰውና በድርጊት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። የአካል እንቅስቃሴ ውኃ ከመጠጣትና ፍራፍሬ ከመብላት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ቀን መሳት ደግሞ በልማዱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላመጣም። «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» እያሉ የሚያስተምሩ ሰዎች ብዙ ሰው ያሳዝናሉ፤ ቀኑ አልፎ ነገሩ ሳይቀልለት ሲቀር ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋልና። የእርስዎ ሰባት ሳምንት 49 ቀን ነው፤ ያውም ከሁሉ ከባዱን ሰዓት መርጠው። ልማዱ ገና በመሠራት ላይ ሳለ ነው ያቋረጡት።

አሁን ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ በጣም ያሰብኩበት ይህንኑ ነው። ጾም ከፈጣሪ ጋር ያለ ጉዳይ ስለሆነ ከእግር ጉዞ ጋር አላስተካክለውም። ነገር ግን 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ሳይነካ የሚቆይ ሰው እንዴት እንደሚቆይ ማየት ኃጢአት አይሆንም። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ እርስዎ አይወስኑም፤ ባሕረ ሐሳቡ ወስኖታል። ቅቤው ከጓዳ ይነሳል፣ ለጾሙ የሚሆነው ሽሮና ምስር ይዘጋጃል። ቢሮ ያሉት ይጾማሉ፣ ጎረቤት ይጾማል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ ያቀርባል። ሕጉ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ትንሽ ወተት ቢገባበት ምን አለበት ብሎ ከራሱ ጋር የሚከራከር የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠዋት ተነስተው «ዛሬ የመጾም ስሜት አለኝ ወይ?» ብለው አይጠይቁም። ረመዳንን የሚጾሙ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ሱሑር ላይ ቤተሰቡ አብሮ ይነሳል፣ አፍጥር ላይ አብሮ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እርስዎ ራስዎ፣ ያው ደወሉን አጥፍተው የሚተኙት ሰው ነዎት። ጠባይዎ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዙሪያዎ ያለው ነገር ነው።

የእግር ጉዞዎ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። ብቻዎን፣ ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ በየጠዋቱ ከብርድ ልብሱ ጋር አዲስ ክርክር እየገጠሙ ይወጡ ነበር። ክርክሩን ለሰባት ሳምንት ማሸነፍዎ ይደንቀኛል።

ስለዚህ ደወሉን ለጊዜው ይተዉት። የሒሳብ ሰው ነዎትና አብረን እናስላ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ እየተራመዱ ማውራት የሚያስችል፣ መዝፈን ግን የማያስችል ፍጥነት ማለት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ ቢራመዱ 75 ይሆናል። ቅዳሜና እሑድ 40፣ 40 ቢጨምሩበት 155 ደረሰ። ምሳን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከምግብ በኋላ ስኳር በደም ውስጥ ከፍ የሚልበት ሰዓት ስለሆነ ያኔ መራመድ ከፍታውን ይቀንሰዋል። ደግሞም ብርሃን ነው፤ ውሻ የለም፤ ምሳ በየቀኑ አለ፤ ቢሮዎም አይጠፋም።

ውሳኔውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዛሬ ማታ፣ በወረቀት ላይ ይወስኑት። «ከእንግዲህ እራመዳለሁ» ብለው አይጻፉ። «ምሳዬን በልቼ እጄን እንደታጠብኩ ወደ ወንበሬ ሳልመለስ ስፖርት ጫማዬን አጥልቄ እወጣለሁ፤ ሕንፃዎቹን ዞሬ እመለሳለሁ» ብለው ይጻፉ። መቼ፣ የት፣ ከምን በኋላ የሚለው ሁሉ ይግባበት። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፒተር ጎልዊትዘር ለረጅም ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። በእንግሊዝ በ248 ተማሪዎች ላይ የተደረገና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነገሩን አጉልቶ ያሳያል። ምንም ልዩ ነገር ካልተደረገላቸው ተማሪዎች በሳምንቱ ስፖርት የሠሩት 38 በመቶ ነበሩ። ስለ ልብ በሽታ አስፈሪነትና ስለ ስፖርት ጥቅም የሚያነሳሳ ጽሑፍ ካነበቡት የሠሩት 35 በመቶ ብቻ ሆኑ። ከዚያ ጽሑፍ ጋር የት፣ በምን ቀንና ሰዓት እንደሚሠሩ እንዲጽፉ ከተደረጉት ግን 91 በመቶው ሠሩ። ስልካችን ላይ የሚጎርፈው የማነቃቂያ ንግግር ሁሉ ለምን እንደማያራምደን ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስፖርት ጫማው ከጠረጴዛዎ ሥር ይኑር። ሙሉ ልብስና ቆዳ ጫማ ለብሶ 15 ደቂቃ መፍጠን ቀላል ስላልሆነ፣ ጫማው ቤት የቀረ ዕለት ጉዞውም ይቀራል። የሥራ ባልደረባ ይጋብዙ፤ በየዕለቱ «እንሂድ?» የሚል አንድ ሰው ካለ የማስታወሱ ሸክም ከእርስዎ ላይ ይወርዳል። ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የሕንፃውን ደረጃ ሁለት ጊዜ ወጥቶ መውረድም ይቆጠራል። ክረምት ሲገባም ደረጃው እዚያው ነው፤ ዝናብ ሰበብ እንዳይሆን ከአሁኑ ይወስኑ። ጾሙ ሲገባ አብሬ ልጀምር የሚል ሐሳብ ቢመጣብዎ ግን አይቀበሉት። ከጾም ጋር የታሰረ ልማድ ፋሲካ ዕለት አብሮ ይፈታል። ጾሙም ራሱ በዳቦ፣ በፓስታና በለስላሳ ከተገፋ ስኳሩን አይቀንስልዎትም።

ስለ ምግቡ፣ ሰላጣውን ይተዉት። የማይወዱትን ምግብ ዕድሜ ልክ መብላት አይቻልም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ መልካም ምግብ ናቸው፤ የእንጀራውን መጠን ብቻ ቀነስ ያድርጉት። ከሁሉም በፊት ለስላሳውን ይያዙ። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። አንዷ ጠርሙስ ብቻ ይህን ሁለተኛውን ልክ ታልፋለች። የሻዩን ስኳር ግን በአንድ ጊዜ አይተዉት። ሦስት ማንኪያ ከሆነ ሁለት፣ ከሳምንታት በኋላ አንድ ያድርጉት፤ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

የጥር ሰርግና የሰው ቤት ግብዣ የራሱ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚወድህን ያህል ያበላሃል። «በሞቴ!» ተብሎ የተዘረጋ እጅ እንዴት ይመለሳል? እኔ ጉርሻ እምቢ ይበሉ አልልዎትም፤ አክስትዎን አስቀይመው የሚያገኙት ጤና የለም። ይልቅ ቦታ ይተዉለት። መጀመሪያ ራስዎ ሲያነሱ ከልማድዎ ግማሹን ያንሱ፤ ጎመኑንና ምስሩን ያስቀድሙ፤ ጉርሻውና «ጨምር» የሚለው ሲመጣ በደስታ ይቀበሉ። ለመጠጥ አምቦ ውኃ ያስቀድሙ። ምክንያት ከተጠየቁ «ክብደት እየቀነስኩ ነው» አይበሉ፤ «ምን ሆነህ? ከሳህ እኮ!» የሚል ጉባኤ ይነሳብዎታል። «ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ። እውነትም ነው፤ ሽማግሌም ወጣትም ያከብረዋል።

የባለቤትዎን ቃል በተመለከተ፣ መጎዳትዎ ይገባኛል። ነገር ግን በባሏ ጤና የሰጋች ሴት ጭንቀቷ በቁጣ መልክ የሚወጣበት ጊዜ አለ። አባትዎ በምን እንዳረፉ እርሷም ታውቃለች። አዲስ ታላቅ ቃል አይግቡላት፤ ቃል ሰምታለች። አንድ ትንሽ ነገር ይጠይቋት፦ «ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር አብረን እንውጣ፤ የስኳሩን ዕቃ ደግሞ ከጠረጴዛው ላይ እናንሳው» ይበሏት። ጠባቂዎ አያድርጓት፤ ስለ ቁራሽ የሚያፋጥጥ ትዳር ሌላ በሽታ ነው። አብራዎት ከተራመደች ይበቃል።

ፍጹም መሆን እንደማያስፈልግዎ የሚያረጋግጥ አንድ ታላቅ ጥናት ላንሳና ወደ ሐኪሙ ጉዳይ እሄዳለሁ። በአሜሪካ እንደ እርስዎ አፋፍ ላይ በነበሩ 3,234 ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንደኛው ወገን 7 በመቶ ክብደት እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ የግል አማካሪ ተመድቦለት ነበር። በስድስት ወር ገደማ የክብደቱን ግብ የመቱት ግማሾቹ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ በተደረገው ክትትል ደግሞ ቁጥሩ ወደ 38 በመቶ ወረደ። አማካሪ ያላቸውም ሰዎች ወኔያቸው ይበርዳል ማለት ነው። ሆኖም መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ከ10 ዓመት በኋላ ሲታዩ የቀነሱት ክብደት አብዛኛው ተመልሶባቸው ነበር፤ የበሽታው ስጋት ግን አሁንም በ34 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር። እየተሰናከሉም ቢሆን የተራመዱት ተጠቅመዋል።

ከነሐሴ ወዲህ ካልተመረመሩ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ይያዙ። በባዶ ሆድ ከሚደረገው በተጨማሪ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የሚያሳየውን፣ በተለምዶ የሦስት ወር ምርመራ የሚባለውን ያሠሩ፤ ቀጣዩንም ከሦስት ወር በኋላ ያስመዝግቡ። ሚዛን ላይ በየጠዋቱ መውጣቱን ትተው ይህን ቁጥር ይከተሉ። ውኃ ጥም ከበዛብዎት፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ የሚያስወጣዎት ከሆነ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ሲራመዱ ደረትዎን ከጨነቀዎት ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ይሂዱ። አንድ ነገር ደግሞ ራስዎን ይጠይቁ፦ የቀዘቀዘብዎት ለእግር ጉዞው ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም? ልጆቹን ማጫወት፣ ጓደኛ ማግኘት፣ ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረው ሁሉ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ትርጉም ካጣብዎት፣ እንቅልፍዎም ከተዛባ፣ ይህ ድብርት ሊሆን ይችላልና ለዚያው ሐኪም ሳይደብቁ ይንገሩት። ድብርት ይታከማል፤ እሱ ሳይታከም ግን ከላይ የነገርኩዎት ሁሉ እጅግ ይከብድዎታል።